ከዐረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች የቤተሰብ አባልን እንዴት መረዳትና መደገፍ ይቻላል

ልጅ ወይም እህት ከዐረብ አገር ስትመለስ ቤቱ ይሞቃል፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ሻንጣ ይከፈታል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን «ጸባይዋ ተለወጠ»፣ «ኮራችብን»፣ «ከሰው አትቀላቀልም» የሚሉ ቅሬታዎች መሰማት ይጀምራሉ። በአሠሪዎቿ ቤት የተደበደበች፣ በር የተቆለፈባት፣ ፓስፖርቷና ደመወዟ የተያዘባት ወይም የተደፈረች ሴት የምታሳየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ጸባይ ሳይሆን የሥነ ልቦና ጉዳት ምልክት ነው። ቤተሰቡ ይህን ካልተረዳ በቅን ልቦና የሚያደርገው ነገር ሳይቀር ቁስሏን ሊነካካባት ይችላል።

አንዲት የማውቃት ተመላሽ እናቷ ቤት ከገባች በኋላ ለወራት ምግብ የምትበላው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እናትየዋ ገበታ ቀርቦ አልቀመጥም ማለቷን እንደ ንቀት ቆጥረው አዘኑ። ልጅቱ ግን ለሦስት ዓመት ስትበላ የኖረችው የማዳሟን ደወል እያዳመጠች ነበርና፣ ተቀምጦ መብላት በእርሷ ዘንድ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆኖ ቀርቷል። ይህን ሲረዱ እናትየዋ «ተቀመጪ» ማለቱን ትተው፣ በሩን ማየት በምትችልበት ቦታ በርጩማ አኖሩላት፤ ከጊዜ በኋላ ማንም ሳያዛት ተቀመጠች።

አደጋ ሲመጣ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ሰውነትን ያነቃል፤ ልብ በኃይል ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሰውየው ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፣ አለዚያም ደርቆ ይቀራል። አደጋው ሲያልፍ ይህ ንቃት መርገብ ይኖርበታል፤ ተደጋጋሚ ግፍ በደረሰበት ሰው ላይ ግን ሳይበርድ ሊቆይ ይችላል። በዚህም ምክንያት የወደቀ የድስት ክዳን፣ የበረኪና ሽታ ወይም ከኋላ የሚሰማ ኮቴ ያለፈውን አሁን እየተፈጸመ ያለ ያህል አድርጎ ይመልሰዋል። ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ ራስን መውቀስና ለሚወዱት ሰው እንኳ ስሜት ማጣት ከዚሁ ጋር ይመጣሉ። ምርመራ ምክንያቱን የማያገኝለት ራስ ምታትና የሆድ ሕመምም በብዙዎች ላይ ይታያል።

እነዚህ ምልክቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመዱ ናቸው፤ በብዙዎችም ላይ በራሳቸው ይቀንሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 3.9 በመቶ ያህሉ በሕይወቱ በአንድ ወቅት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም እንደደረሰበት ይገምታል፤ ከጾታዊ ጥቃት በኋላ ግን ሕመሙ ይበልጥ ይበዛል። ስለዚህ «እገሊትም ሄዳ ነበር፣ ምንም አልሆነች» የሚለው ማነጻጸሪያ ከቤታችሁ መውጣት አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉ በፊት ማድረግ የሚገባችሁ እንድትናገር አለማስገደድ ነው። «እንኳን ደኅና ገባሽ» ለማለት የመጣው ዘመድ ቡናው ላይ «እስኪ ምን አደረጉሽ» ማለቱ አይቀርምና፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አስቀድሞ «ደክሟታል፣ ሌላ ጊዜ ታጫውተናለች» ብሎ እንዲመልስላት ተነጋገሩ። የደረሰባትን ወዲያው ማስተረክ ያቀልላታል የሚለው እምነት በጥናት አልተደገፈም፤ አንዳንዶችን እንዲያውም ይጎዳል። ራሷ ማውራት ስትጀምር ግን አታቋርጧት፣ አትመርምሯት፣ «ያለፈው አለፈ» ብላችሁም አፏን አታስይዟት።

ስለ ገንዘብ የሚነሣው ጥያቄ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁሉም ይበልጥ ያቆስላል። ለደላላ የተከፈለው ብድር ቢኖርም፣ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ ቤተሰቧን እንዳሳፈረች ቀድማ በራሷ ላይ ፈርዳለች። ስለ ዕዳው መነጋገር ካስፈለገ ጊዜ ወስዳችሁ፣ እርሷን ሳትወቅሱ ተነጋገሩ።

ቤቱን ለእርሷ የሚገመት ማድረግ ትልቅ እርዳታ ነው። ክፍሏ ስትገቡ አንኳኩ፣ ቁልፉ በእጇ ይሁን፣ ስትወጡ መቼ እንደምትመለሱ ንገሯት። ተኝታ ስትቃዥ ነካክታችሁ አትቀስቅሷት፤ ራቅ ብላችሁ በስሟ ጥሯት። ነቅታ ሳለች ያለፈው ከተመለሰባት ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ «እናትሽ ቤት ነሽ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ በሩ ክፍት ነው» በሏት፤ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ፣ በዙሪያዋ የምታየውን አንድ በአንድ እንድትጠራ እርዷት።

ጉዳቱ በእርሷ ላይ ብቻ አይቆምም። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ስታዳምጥ የምታድር እናት ራሷም እንቅልፍ ታጣለች፤ ታናናሾቿ ይፈራሉ ወይም ይቆጣሉ። ለአያት ትታው የሄደችው ልጅ ካለ፣ እቅፏን ስትሸሸው በእርሱ ጥፋት የሆነ ይመስለዋልና «እማዬ አሟታል፣ አንተ አላጠፋህም፣ እየተንከባከብናት ነው» ተብሎ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ጥበቃውን ተራ በተራ ያዙ፤ የሚሸከመው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እርሱም ይወድቃል።

ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ፣ ወይም መብላት፣ መተኛትና መሥራት ከከለከሏት ወደ ሕክምና ውሰዷት። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በክልል ላላችሁ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መነሻ ይሆናል። ለዚህ ሕመም በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ይረዳል፤ ሐኪም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒትም ሊያዝ ይችላል። ለእንቅልፍ ተብሎ ከፋርማሲ ዳያዜፓም መግዛት ግን ሕመሙን አያድንም፤ ሱስም ያስይዛል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚያጽናናት ከሆነ ትቀጥል፤ በእምነት ስም ማሰርና መግረፍ ግን ዳግመኛ ማሰቃየት ነው፤ የታዘዘላትን መድኃኒትም አታስቋርጧት።

«መኖር ሰለቸኝ» ካለች ወይም ዕቃዋን ማደል ከጀመረች፣ ራሷን ለማጥፋት ታስብ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቋት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥረውም። የተባይ ማጥፊያና መድኃኒት ከቤት አርቁ፣ ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዷት።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ አብሯት የሚሄደውን ሰው እርሷ ትምረጥ። ተደፍራ ከሆነ ሴት ሐኪም እንድታያት ጠይቁላት፤ የኤችአይቪና የእርግዝና ምርመራም ምስጢሩ ተጠብቆ ይደረግላት። ወደ ሐኪሙ ክፍል ስትገባ «ልግባ ወይስ ውጭ ልጠብቅሽ» ብላችሁ ጠይቋት፤ ውጭ ጠብቁኝ ካለች ከበሩ ፊት ለፊት፣ ስትወጣ በምታያችሁ ቦታ ተቀመጡ።