የፍሬድሪክስበርግን ቡድን አንድ ሙሉ የቤዝቦል ወቅት ለመከታተል

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ሰው ቤዝቦልን ለማወቅ ሲያስብ በመጀመሪያ የሚታየው በከፍተኛው እርከን በሜጀር ሊግ የሚጫወተው የከተማዋ ቡድን፣ የናሽናልስ፣ ትልቅ ስታዲየም ነው። ሆኖም ጨዋታውን ከሥሩ ለመረዳት ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ 50 ማይል ያህል ርቃ፣ ወደ ሪችመንድ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ የምትገኘው ፍሬድሪክስበርግ ትሻላለች። በዚያ የሚጫወተው ፍሬድናትስ በማይነር ሊግ፣ ማለትም ወጣቶች ለሜጀር ሊግ በሚዘጋጁባቸው የበታች ሊጎች፣ ሙሉ ወቅት ከሚካሄድባቸው ደረጃዎች ዝቅተኛው በሆነው በሲንግል ኤ የሚገኝ የናሽናልስ ታዳጊ ቡድን ነው። የሚከተለው ምክር የተዘጋጀው አንድን ወቅት ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ለመከታተል ለሚፈልጉ ሲሆን፣ ጭብጡም ከቡድኑ ውጤት ይልቅ ተጫዋቾቹን መከተል እንደሚበጅ ማሳየት ነው።

በእግር ኳስ ለኖርን ሰዎች አስቀድሞ መስተካከል ያለበት አንድ ግምት አለ። እኛ የምናውቀው ቡድን ሲያሸንፍ ወደ ላይኛው ሊግ ማደጉን፣ ሲሸነፍ ደግሞ መውረዱን ነው። በማይነር ሊግ ግን ቡድኑ ባለበት ይኖራል፤ የሚያድገው ተጫዋቹ ነው። በፍሬድሪክስበርግ የበረታ ወጣት በሃይ ኤ ደረጃ ወዳለው የዴላዌሩ ዊልሚንግተን፣ ከዚያም በደብል ኤ ወደ ፔንስልቬንያው ሃሪስበርግ፣ ቀጥሎም በትሪፕል ኤ ወደ ኒውዮርኩ ሮቼስተር ይሻገራል፤ ከዚያ የተረፈው ደረጃ ሜጀር ሊግ ብቻ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው፣ አሠልጣኝ የሚሾመው፣ ማን መቼ እንደሚያድግ የሚወስነውም የዋሽንግተኑ ክለብ ነው። የከተማው ቡድን ባለቤት ድርሻ ስታዲየሙን፣ ቲኬቱን፣ ምግቡንና በየእረፍቱ የሚቀርበውን ትርኢት ማስተዳደር ነው።

የውጤት ሰንጠረዥን ብቻ የሚያይ ተመልካች የሚስተው ብዙ ነገር አለ። ቡድኑ በአዲሱ ስታዲየሙ መጫወት በጀመረበት በ2021 የመጀመሪያዎቹን 15 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ ነበር፤ በ2024 ደግሞ የካሮላይና ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ይሁንና በዚህ ደረጃ ሦስት ዓመት የሚቆይ ተጫዋች ብርቅ ስለሆነ፣ የሁለቱን ዓመታት ቡድኖች የሚያመሳስላቸው መለያውና ሜዳው ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ከታወቁት መቺዎች አንዱ የሆነው ሁዋን ሶቶ 2018ን የጀመረው ያኔ የናሽናልስ ታዳጊ ቡድን በነበረው በሄገርስታውን ሲሆን፣ በዚያ 16፣ ፍሬድናትስ ከመዛወሩ በፊት በዉድብሪጅ በነበረው በፖቶማክ ናሽናልስ 15፣ በሃሪስበርግ 8 ጨዋታዎችን ብቻ አድርጎ ሜይ 20 ቀን በ19 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ገባ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጁን ሄጄ አየዋለሁ ያለ ሰው አላገኘውም። ሶቶ በ2022 ወደ ሳን ዲዬጎ ሲዘዋወር በምትኩ ከመጡት ወጣቶች አንዱ የነበረው ጄምስ ዉድም በዚያው ክረምት በፍሬድሪክስበርግ ተሰልፎ፣ ጁላይ 1 ቀን 2024 ለናሽናልስ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጓል።

ስለዚህ የወቅቱ ዕቅድ መነሻ የተጫዋቾች ዝርዝር ይሁን። ዝርዝሩ በኤፕሪል መጀመሪያ ሲወጣ አራት ወይም አምስት ስሞችን ይምረጡ፤ ሁለቱ ወርዋሪዎች፣ ማለትም ፒቸሮች፣ ቢሆኑ መልካም ነው። በከፍተኛ ገንዘብ የፈረሙትን ብቻ መምረጥ አይገባም፤ ማንም የማያወራለትን አንድ ወጣት መጨመር ወቅቱን የበለጠ ያጣፍጠዋል። ቡድኑ በወቅቱ ከሚያደርጋቸው 132 ጨዋታዎች ግማሹ በሜዳው ሲሆን፣ መርሐ ግብሩ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ስድስት ቀን ከአንድ ተጋጣሚ ጋር የሚካሄድበት፣ ሰኞ የሚታረፍበት ነው። ይህም ማክሰኞ ጨዋታውን ሲጀምር ያዩትን ፒቸር እሑድ ዳግመኛ ሊያዩት ይችሉ ይሆናል ማለት ነው፤ በመሐል ያሉት ቀናት ግን የሌሎቹ ናቸው።

ሁሉን ጨዋታ ማየት ለማይችል ሰው ሦስት ጊዜያት ይበቃሉ። የመጀመሪያው ኤፕሪል ነው፤ ብርዱ ገና ስለማይለቅ ጋቢ ቢያዝ አያሳፍርም። ሁለተኛው የጁን ወር ነው፤ በዚህ ሊግ ወቅቱ ለሁለት ስለሚከፈልና የመጀመሪያው አጋማሽ አሸናፊ ወደ ማጣሪያው ስለሚያልፍ፣ የውጤት ፉክክር ትርጉም የሚያገኘው በዚያን ጊዜ ነው፤ ብዙዎቹ ዕድገቶችም ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ሦስተኛው ኦገስት ነው። ድራፍት የሚባለው ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ በጁላይ ከተካሄደ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ አዳዲስ ልጆች የሚመጡት ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ቡድኑ እንደገና የተሠራ ያህል ይለወጣል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆን እኔ የምመርጠው ኦገስትን ነው።

የቀን ምርጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዓርብ ከሥራ በኋላ በአይ 95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ መንዳት ትዕግሥትን የሚፈታተን በመሆኑ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ለመንገዱም ለወንበሩም ይሻላሉ። በቅዳሜና እሑድ ዋዜማ ከጨዋታ በኋላ ርችት የሚተኮስባቸው ምሽቶች ልጆችን ያስደስታሉ፤ ጨዋታውን በጸጥታ ለማጥናት ግን አይመቹም። ስታዲየሙ ጃኪ ሮቢንሰን መንገድ ቁጥር 42 ላይ፣ ከአሮጌው ከተማ መሐል ርቆ በአውራ ጎዳናው አቅራቢያ ስለሚገኝ መኪና ያስፈልጋል። ቁጥሩም በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው የሮቢንሰን የመለያ ቁጥር ነው፤ እርሱም ቢሆን በ1946 በሞንትሪያል የማይነር ሊግ ቡድን አልፎ ነው ወደ ላይ የወጣው። ምግብን በተመለከተ የሚሸጠው በአብዛኛው ሥጋና አይብ ስለሆነ፣ ረቡዕና ዓርብን ወይም በኦገስት ፍልሰታን የሚጾም ሰው ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና የተጠበሰ ድንች ላይ ይወድቃል፤ ቤት በልቶ መሄዱ ይመረጣል። የቦርሳና የአከፋፈል ደንቦችን፣ እንዲሁም በዝናብ የተቋረጠ ጨዋታ ቲኬት እንዴት እንደሚለወጥ ከመነሳትዎ በፊት ያንብቡ።

በስታዲየሙ ውስጥ ለጀማሪ የሚመከረው ቦታ ከመቺው ጀርባ፣ ከመከላከያ መረቡ በስተኋላ ያለው ነው፤ የኳሱ መታጠፍ ከዚያ በግልጽ ይታያል። ከመረቡ ውጪ የሚቀመጥ ሰው ስልኩን አስቀምጦ ዓይኑን ከሜዳው አለመንቀል አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ደብተርና እርሳስ ይያዙ። የጨዋታው አመዘጋገብ ለእያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ይሰጣል፤ ፒቸር 1፣ ከመቺው ጀርባ ኳሱን የሚይዘው ካቸር 2፣ ሯጩ በቅድሚያ የሚደርስበትን ማረፊያ ማለትም አንደኛ ቤዝን የሚጠብቀው 3፣ ሁለተኛ ቤዝ 4፣ ሦስተኛ ቤዝ 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሐል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ በኋለኛው ሜዳ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከመቺው አንጻር ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9 ናቸው። በመሬት የተመታ ኳስ በሾርትስቶፑ ተይዞ ወደ አንደኛ ቤዝ ቢወረወርና መቺው ሳይደርስ ቀርቶ ከተራው ቢወጣ 6-3 ተብሎ ይጻፋል። ይህን የያዘ ሰው የጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች ማለትም ዘጠኙ ኢኒንግ ሲያልቅ የመረጠው ተጫዋች በእያንዳንዱ ተራው ምን እንደገጠመው በገጹ ላይ ያገኘዋል፤ ከአንድ ወር በኋላ ሲመለስም ያንኑ ልጅ ቀድሞ ያሞኘው ዓይነት ኳስ አሁንም ያሞኘው እንደሆነ ማነጻጸር ይችላል። በእኔ አስተያየት ወቅትን መከታተል ማለት በዋነኛነት ይህ ነው።

አንዳንድ ነገሮች አዲስ ተመልካችን ግራ ያጋባሉ። ድንቅ ሲወረውር የነበረ ፒቸር በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ኢኒንግ ሲወጣ አሠልጣኙን መውቀስ አይገባም፤ የወጣቱ ክንድ እንዳይጎዳ የውርወራው ብዛት ከላይ የተወሰነ ነውና። ጨዋታው በዘጠኝ ኢኒንግ ካልተለየ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኢኒንግ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በቆመ ሯጭ ይጀመራል፤ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሲደረግ ደግሞ እያንዳንዱ ሰባት ኢኒንግ ብቻ ነው። ዳኞቹም እንደ ተጫዋቾቹ በየደረጃው የሚያድጉ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በዚህ እርከን ሁለት ብቻ ሆነው ሜዳውን በሙሉ ይሸፍናሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብሂል ግን እዚህ አይሠራም፤ አሠልጣኞች እስኪባረሩ ድረስ ይቆጣሉ።

ተጫዋቾቹን በቅርብ ማግኘት የሚፈልግ በሩ ሲከፈት ገብቶ በተጠባባቂዎች መቀመጫ አጠገብ፣ እስክሪብቶ ይዞ ይቁም። ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዙዌላ የመጡ፣ እንግሊዝኛን ከጨዋታው ጎን ለጎን የሚማሩ ወጣቶች ናቸው፤ በባዕድ አገር ሥራና ቋንቋ በአንድነት የጀመረ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻውም። ኑሯቸውም እንደሚታሰበው የተደላደለ አይደለም። በዚህ ደረጃ ዝቅተኛው ደመወዝ እስከ 2023 ድረስ በዓመት 11,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚያ ዓመት በተፈረመው የኅብረት ስምምነት 26,200 ዶላር ደረሰ፤ ከ2022 ጀምሮም መኖሪያቸውን ክለቡ ያቀርባል። ፊርማ ሲጠየቁ የሚያሳዩት ትሕትና ከዚህ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም፤ በትልቁ ስታዲየም ግን በቀላሉ አይገኝም።

የመረጡት ተጫዋች ካደገ ዝርዝርዎን አይሰርዙት፤ ተከትለውት ይሂዱ። ሃሪስበርግ የሚጫወተው በሳስክዌሃና ወንዝ መሐል ባለች ደሴት ላይ ሲሆን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ወደ ዊልሚንግተን ግን ከዋሽንግተን በአምትራክ ባቡር መሄድ ይቻላል፤ ስታዲየሙ ከጣቢያው በወንዙ ዳር በእግር የሚደረስበት ነው። የምሽት ጨዋታ ከሆነ ከዘጠነኛው ኢኒንግ በኋላ የሚመልስ ባቡር መኖሩን ቲኬት ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ከሌለ የእሑዱን የቀን ጨዋታ ይምረጡ።