የጥርስ ራጅ ባንዴ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ምን እናድርግ?

«ራጅ ያስፈልጋል» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጨረሩን ነው። ማሰቡ ልክ ነው። ግን ቁጥሩን እንየው። በዲጂታል መሣሪያ የሚነሳ፣ ጥቂት ጥርሶችን ብቻ የሚያሳይ አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ 5 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከህዋ ደግሞ በዓለም አማካይ በዓመት 2,400 ይደርሰናል። በቀን ከ6 በላይ መሆኑ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተበላሽቶ የሚደገመው ራጅ ነው። እሱ ያለ ምንም ጥቅም የተወሰደ ጨረር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ማስቀረት ይቻላል።

መጀመሪያ፣ የድሮ ራጅ ካለዎት ይዘው ይሂዱ። ሌላ ክሊኒክ ከሆነ የተነሱት ዋናውን ፋይል ይጠይቁ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ አያዋጣም፤ በጥርሶች መሃል ያለች ትንሽ ቀዳዳ ልትጠፋ ትችላለች። ከዚያ «ራጁ ምን ለማየት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ግልጽ መልስ ሊያገኙ ይገባል። እርጉዝ ከሆኑም ይናገሩ።

ቀጥሎ ጌጥዎን ያውልቁ። መላውን መንጋጋ የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። መሣሪያው ጭንቅላትን ስለሚዞር የግራ ጆሮ ጉትቻ በቀኝ በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ ተልቆና ደብዝዞ ይወጣል። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ላይ ካረፈ ሐኪሙ ከሥሩ ያለውን ማየት አይችልም። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የፀጉር ሽቦና የአንገት ሐብልም እንዲሁ።

በፓኖራሚክ ጊዜ ከንፈርዎን ገጥመው ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ይለጥፉ። ካልለጠፉት በመሃል የቀረው አየር የላይኛውን ጥርስ ሥሮች በጥቁር ጥላ ይሸፍናቸዋል። በትንሹ ራጅ ጊዜ ደግሞ የሴንሰሩን (አፍ ውስጥ ገብቶ ምስሉን የሚቀበለውን ዕቃ) መያዣ ረጋ ብለው ይንከሱ፤ አይነቃነቁ። ቢያቅለሸልሽዎ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ አንድ እግርዎን ከፍ አድርገው ይያዙ። ሐሳብን ስለሚወስድ ይረዳል።

ጨረር የሚከልለውን የእርሳስ (ሊድ) ሽርጥ ካልሰጡዎት አይደንግጡ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ሽርጡም የአንገት መከለያውም አያስፈልግም ብሏል። አንዳንዴ መከለያው የጨረሩ መንገድ ላይ ገብቶ ምስሉን ያበላሻል። ይልቅ ጨረሩን በሴንሰሩ ልክ የሚገድብ አራት ማዕዘን መገደቢያ አላቸው ወይ ብለው ይጠይቁ። ጥቅሙ እሱ ላይ ነው። ጨረር ለመቀነስ ተብሎ መጠኑ ከልክ በታች ቢወርድም ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ያኔ መድገም ይመጣል።

ምስሉ ሲወጣ እርስዎም ይዩት። የጥርስ ሥር ለማየት ከሆነ የሥሩ ጫፍና ከጫፉ አለፍ ብሎ ያለው አጥንት መታየት አለበት። በጥርሶች መሃል ያለ ቀዳዳ ለመፈለግ ከሆነ ጎረቤት ጥርሶች መደራረብ የለባቸውም። ይደገም ከተባለ ምን እንደጎደለ ያሳዩኝ ይበሉ።

ኮን ቢም ሲቲ (ጥርስና መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ) ከታዘዘልዎ ግን ረጋ ብለው ይጠይቁ። ጨረሩ ከትንሹ ራጅ ብዙ እጥፍ ነው። ተተካይ ጥርስ አጥንት ውስጥ ለመትከል ወይም ነርቭ የተጠጋ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ለማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ለተራ ቀዳዳ ከሆነ ግን ትንሹ ራጅ ለምን እንደማይበቃ ያስረዱዎት።