በየስንት ጊዜው ልመርመር? ስለ አባላዘር በሽታ ምርመራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

"በየስንት ጊዜው ልመርመር?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ቢባል ደስ ይለዋል። ቁጥሮቹ አሉ፣ ከታች ታገኟቸዋላችሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ ያለጊዜው ሄዶ ይመረመራል፣ ያልተመረመረውን በሽታ እንደተመረመረ ይቆጥራል፣ ወይም ታክሞ ሲያበቃ መልሶ ይያዛል። እነዚህን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

"ምንም አላመመኝም"

ሰውን አብዝቶ የሚጎዳው ይሄ ነው። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያዩም። ከወንዶችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ጨብጥ ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ሽንት ሲሸና በማቃጠልና በፈሳሽ ይታወቃል። ሴት ላይ ግን ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ጉሮሮ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በአብዛኛው ማንም አያውቀውም።

ቂጥኝ ከሁሉም ያታልላል። የመጀመሪያው ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሳይታከምም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል። ሰውየው "ለቀቀኝ" ብሎ ይረሳዋል። በሽታው ግን ከሰውነቱ አልወጣም። ከዓመታት በኋላ ልብን፣ አንጎልንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ኤችአይቪም ቢሆን ለዓመታት ምንም ሳያሳይ መቆየት ይችላል።

ክላሚዲያ ሳይታከም ሲቆይ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣል። እዚያ ጠባሳ ይተዋል። አንዳንዷ ሴት ይህን የምታውቀው ልጅ ፈልጋ እምቢ ሲላት ነው። ሌላዋ ደግሞ ከማህፀን ውጪ በተፈጠረ እርግዝና ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። በሰባት ቀን መድኃኒት ሊድን የሚችል በሽታ እዚህ ድረስ መድረሱ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ምርመራ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው። ምልክት ያለበት ሰውማ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጊዜ መስጠት

የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ፣ ያወጣው መመሪያ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ከ13 እስከ 64 ዓመት ያለ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ኤችአይቪ ይመርመር ይላል። አዋቂዎች ደግሞ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይመርመሩ ይላል። ይህ ለሁሉም ነው፣ "እኔን አይመለከተኝም" የሚል ሰው እዚህ ውስጥ የለም።

ከዚህ በኋላ እንደየሰው ሕይወት ይለያያል። ከ25 ዓመት በታች ያለችና ግንኙነት የምታደርግ ሴት ክላሚዲያና ጨብጥ በየዓመቱ ትመርመር። 25 የሞላትም አዲስ የወሲብ ጓደኛ ከያዘች፣ ከአንድ ሰው በላይ ካላት ወይም የጓደኛዋ ሁኔታ የሚያሰጋ ከሆነ እንዲሁ። ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚያደርግ ወንድ ቢያንስ በዓመት አንዴ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ክላሚዲያና ጨብጥ ይመርመር፤ ጓደኞቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ። መርፌ የሚጋራ ሰው ኤችአይቪን ቢያንስ በየዓመቱ። ኤችአይቪን ለመከላከል በየቀኑ ፕሬፕ የሚወስድ ሰው በየሦስት ወሩ።

ሴቶችን ብቻ የሚይዝ ወንድ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ለራሱ የተጻፈ ዓመታዊ ቀጠሮ አላገኘም። ብዙ ወንዶች ይህንን እንደ ነጻ ፈቃድ ያዩታል። እኔ አልስማማም። ከአንድ በላይ ጓደኛ ያለው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ቢመረመር ይሻለዋል ባይ ነኝ። አዲስ ግንኙነት ሲጀመር ደግሞ ኮንዶም ከመተዉ በፊት ሁለቱም ይመርመሩ።

በማግስቱ ተመርምሮ መገላገል

ኮንዶም ማታ ተቀደደ እንበል። ሰውየው ጠዋት ላብራቶሪ ይደርሳል። ውጤቱ "የለብህም" ይላል። እፎይ ብሎ ይመለሳል። ግን ያ ውጤት ስለ ትላንት ማታ የሚነግረው ነገር የለም፣ የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። በሽታው ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ድረስ የሚያልፍ ጊዜ አለ፤ የጤና ባለሙያዎች ዊንዶው ፔሬድ የሚሉት ይህን ነው።

ለኤችአይቪ ጊዜው እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል። ከደም ሥር ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው፣ ቫይረሱንም፣ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካልንም የሚፈልገው ምርመራ፣ ከ18 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኘዋል። ፀረ እንግዳ አካልን ብቻ የሚያዩት፣ አብዛኞቹ ፈጣንና ቤት ውስጥ ራስን መመርመሪያዎች፣ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊፈልጉ ይችላሉ። ለክላሚዲያና ለጨብጥ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ የተለመደ ነው። ቂጥኝ በደም እስኪታይ ሦስት ወር ሊደርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አደራ። "ልጠብቅ" ብላችሁ ቤት እንዳትቀመጡ። ለኤችአይቪ ሊያጋልጥ የሚችል ነገር ከተፈጠረ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። ሰዓቱ ካለፈ አይሰጥም። ስለዚህ ያን ቀን ወደ ጤና ተቋም የምትሮጡት ለመድኃኒቱ ነው፤ ትርጉም ያለው ምርመራ በጊዜው ይደገማል።

"ደም ሰጥቻለሁ፣ ሁሉንም አይተውልኛል"

አላዩላችሁም። የታዘዘውን ብቻ ነው ያዩት። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ በደም ይታያሉ። ክላሚዲያና ጨብጥ የሚፈለጉት በሽንት ወይም ከብልት በሚወሰድ ናሙና ነው። በአፍ ወይም በፊንጢጣ ግንኙነት የሚያደርግ ሰው ከጉሮሮና ከፊንጢጣም ናሙና ሊያስፈልገው ይችላል፣ ሽንት የዚያን አካባቢ ኢንፌክሽን አያሳይምና። ለሐኪሙ ይህን መናገር ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ካልተነገረው ግን ትክክለኛውን ምርመራ ማዘዝ አይችልም።

ሽንት የምትሰጡ ከሆነ ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትሸኑ ቆዩ፤ የሚፈለገውም መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችለውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ በተመለከተ ደግሞ በወንድ ላይ ለመደበኛ ቅድመ ምርመራ የሚመከር የለም። ለሴት የማህፀን በር ምርመራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ የኤችፒቪ ምርመራ ከሆነ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ፣ ኤችአይቪ ላለባት ሴት ደግሞ ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይመክራል። ሄርፒስ ምልክት ለሌለው ሰው በደም እንዲመረመር አይመከርም፣ ውጤቱ በስህተት "አለብህ" ሊል ስለሚችል።

የጓደኛን ውጤት የራስ አድርጎ መውሰድ

"እሱ ተመርምሯል፣ የለበትም፤ ስለዚህ እኔም የለብኝም።" ይህ አይሠራም። አንዱ ኤችአይቪ ቢኖርበትም ሌላው ለዓመታት ሳይያዝ ሊቆይ ይችላል። እሱ የተመረመረውም ምናልባት ኤችአይቪን ብቻ ይሆናል። ለየራስ ነው መመርመር። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ባሏን ምንም ያህል ብታምን በእርግዝናዋ መጀመሪያ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ትመርመር። በእናት ላይ ያልታከመ ቂጥኝ ጽንሱን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በፔኒሲሊን ይታከማል።

ከመመርመር በፊት መድኃኒት መዋጥ

ጎረቤት ያተረፈውን አንቲባዮቲክ መዋጥ ምልክቱን ሊደብቅና ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። ጨብጥ ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ጀርም ነው። ለአንዱ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ታክሞ መርሳት

ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ የተገኘበት ሰው ጓደኛው ካልታከመ መልሶ ይያዛል። መድኃኒቱ አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን፣ የሰባት ቀን ከሆነ ደግሞ እስኪጨርስ ድረስ ከግንኙነት ይታቀብ። ጓደኛውም እስኪታከም ይጠበቅ። ለጓደኛ መንገር ከባድ ከሆነ ብዙ ጤና ተቋማት በመንገሩ ያግዛሉ፣ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ወር አካባቢ ሲሆን እንደገና መመርመር ያስፈልጋል፣ ዳግም መያዝ የተለመደ ነውና። ቀጠሮውን ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።