ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክን ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ በሚስማማ መንገድ ፎርማት ማድረግ

በአንድ ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሚሠራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አልከፈት ወይም አዲስ ፋይል አልቀበል ካለ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የዲስኩ መበላሸት ሳይሆን የተዘጋጀበት የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ስልት ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበትን ኤንቲኤፍኤስ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፤ የማክን ኤፒኤፍኤስና የሊኑክስን ኢኤክስቲ4 ደግሞ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይከፍታቸውም። ፋት32 በሁሉም ላይ ቢሠራም መጠኑ 4 ጊጋባይት የደረሰ ፋይል ስለማይቀበል ለረጃጅም ቪዲዮዎች አይሆንም። ስለዚህ የሚሻለው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያስተዋወቀው ኤክስፋት ሲሆን፣ ማክ ከስሪት 10.6.5 ጀምሮ፣ ሊኑክስም ከከርነል (የሥርዓቱ ዋና አካል) ስሪት 5.4 ወዲህ በራሳቸው ይደግፉታል።

ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን በአዲስ የፋይል ሥርዓት ማዘጋጀት፣ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። በመሆኑም አስቀድመው ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ መገልበጡ ብቻ በቂ ስላልሆነ ከቅጂዎቹ ጥቂቶቹን ከፍተው ሙሉ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሌሎች ዲስኮችም ከተሰኩ ይንቀሏቸው፤ በዚህ ሥራ ላይ ትልቁ አደጋ የተሳሳተ ዲስክ መምረጥ ነውና።

በዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው በዲስኩ ስም ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፤ ፎርማት የሚለውን፣ ቀጥሎም ከፋይል ሲስተም ዝርዝር ኤክስፋትን መርጠው ያስጀምሩ። ፈጣኑ ፎርማት ለአዲስ ዲስክ ይበቃል፤ ያረጀ ወይም የሚያጠራጥር ዲስክ ከሆነ ግን ጊዜ ቢወስድም ሙሉውን ይምረጡ፤ የተበላሹ ቦታዎችን የሚፈትሸው እሱ ነው።

በማክ ዲስክ ዩቲሊቲን ይክፈቱና ከቪው ሜኑ ሾው ኦል ዲቫይስስ የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ ካልተደረገ የሚታየው የዲስኩ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ብቻ ስለሚሆን ዲስኩን በሙሉ ማዘጋጀት አይቻልም። ከዚያ ከላይ ያለውን የዲስኩን ስም መርጠው ኢሬዝ ይጫኑ፤ በፎርማት ቦታ ኤክስፋት፣ በስኪም ቦታ ደግሞ ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ማፕ ያድርጉ።

በሊኑክስ፣ ዲስክስ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ለሁሉም ሥርዓቶች ይሆናል ተብሎ የቀረበው ምርጫ ፋት በመሆኑ እሱን ትተው ከሌሎች አማራጮች ኤክስፋትን ይውሰዱ። በዝርዝሩ ካልተገኘ ኤክስፋትፕሮግስ የተባለውን የሶፍትዌር ጥቅል ኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑ።

ኤክስፋት የሚያከናውነውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ገመዱ ቢነቀል የፋይል ዝርዝሩ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ኢጀክት ብለው ኮምፒውተሩ ዲስኩን እስኪለቅ ጠብቀው ይንቀሉ። በድንገት ተነቅሎ በሌላው ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ካለ፣ ተጣድፈው እንደገና ፎርማት ከማድረግ በፊት ወደ ዊንዶውስ ይመልሱትና ከዲስኩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ቱልስ፣ ቀጥሎም ቼክ የሚለውን ተጭነው ስህተቱን ያስፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ሳይጠፉ ዲስኩ ይስተካከላል።