ኤአይን ክሊኒክ ውስጥ እንዴት እንጀምር?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል በር ላይ መቆሚያ የለም። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ስትጠይቁት ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚመልስ ፕሮግራም) እንዲህ ባለ ቀን ሥራ ያቃልላል። ዝም ብሎ ከገባ ግን ታካሚ ይጎዳል። እኛ የሄድንበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሠራተኞቻችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ በግል ስልካቸው ጀምረውት ይሆናል። ሰብሰብ በሉና "ማን ለምን ይጠቀምበታል?" በሉ። ቅጣት እንደሌለ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ እውነቱን የሚነግራችሁ አይኖርም። እኛ ጋ አንዷ ሲስተር የሪፈር ወረቀት ፎቶ አንስታ "እንግሊዝኛውን አስተካክልልኝ" ብላ ልካ ነበር። ወረቀቱ ላይ የታካሚው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የኤችአይቪ ውጤት አለ። ክፉ አስባ አይደለም፣ የነገራት ሰው ስለሌለ ነው። ጥፋቱ የእኛ የኃላፊዎቹ ነበር።

ስለዚህ ቀጥሎ ወደ ኤአይ የማይገባውን ወስኑ። ስም፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ፎቶ፣ የላብራቶሪ ወረቀት የቱንም ያህል ቢቸኩል አይገባም። ስሙን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። "ፊት ለፊት ብሎክ የሚኖሩ፣ በቅርቡ መንታ የወለዱ መምህርት" ካላችሁ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት መረጃዎች መድቦታል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ታካሚው ገመናውን የነገረን አምኖን ነው። ደንቡን በአንድ ገጽ ጻፉና ካርድ ክፍልና ተረኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከዚያ አንድ ሥራ ምረጡ። አንድ ብቻ። ስህተቱ ታካሚው ዘንድ ሳይደርስ ልትይዙት የምትችሉት ይሁን። በሽታ መለየትና መድኃኒት ማዘዝ የሐኪሙና የጤና መኮንኑ ሥራ ነውና ከዚህ አይገባም። እኛ የመረጥነው ልጃቸው ተቅማጥ ለያዘው እናቶች የሚሰጠውን የምክር ወረቀት ነው።

አሁን ፈትሹት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመጣልን አማርኛው ደስ ይል ነበር። ጮክ ብለን ስናነበው ግን "ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን ማቆም ይቻላል" ይላል። አይቻልም፤ ተቅማጡ ቢቆምም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ኦአርኤሱንም "በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ" ብሏል። እኛ የምንሰጠው ፓኬት ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው። በብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳዋል።

ሰዓቱም አስቸግሮናል። ለስኳር ታካሚዎች የቀጠሮ መልእክት ስንሞክር "ምግብ ሳይበሉ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ይምጡ" ብሎ ጻፈ። የፈረንጁን ሰዓት እንዳለ ማስቀመጡ ነው፤ በእኛ 2 ሰዓት ማለት ነበረበት። አንድ አዛውንት እስከ 8 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቢቆዩ ምን እንደሚሆኑ አስቡት። ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረምን ከሴፕቴምበር ጋር ያምታታል፣ ጳጉሜን ይዘላል። ስለዚህ መልሳቸውን በደንብ የምታውቋቸውን ሃያ ያህል ጥያቄዎች አዘጋጁ፤ ሰዓት፣ ቀን፣ የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ይኑሩባቸው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ልጁ የሽሮፑን ሦስት እጥፍ ይወስዳል። እኛ ዘንድ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናቶችም ይመጣሉ። የእነሱን ወረቀት አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ባለሙያ ሳያነበው አናወጣም።

ቀጥሎ የሚፈርም ሰው ሹሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2016 ባወጣው መመሪያ ካስጠነቀቀባቸው ነገሮች አንዱ ባለሙያው ማሽኑን ከልክ በላይ አምኖ ስህተቱን ማለፉ ነው። እውነት ነው። ኤአይ ሲሳሳት አይንተባተብም፣ ደክሞት ለሚያነብ ሰው ሁሉም ትክክል ይመስላል። እኛ ጋ እያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ያረመው ሰው ስምና ቀን አለ። "በኤአይ እገዛ ተዘጋጅቶ በባለሙያ የታረመ" የሚል መስመርም አለው፤ ታካሚው የማወቅ መብት አለው።

አንድ ድርጅት ሲስተም ሊሸጥላችሁ ከመጣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ የእናንተን መረጃ ኤአዩን ለማሠልጠን ይጠቀምበት እንደሆነ፣ ውል ስታቋርጡ እንደሚያጠፋው በጽሑፍ ጠይቁ። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው በወረቀት መቀጠል አለበት።

በመጨረሻ ደብተር ክፈቱ። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ምን ተጠየቀ፣ ምን ተሳሳተ፣ ማን አረመው ብላችሁ ጻፉ። እኛ በወር አንዴ ቡና ላይ እናነበዋለን። አንድ ዓይነት ስህተት ሦስት ጊዜ ከታየ ያንን ሥራ ከኤአይ እናወጣለን። ለሙከራ የጀመርነው የቀጠሮ መልእክት በዚህ ምክንያት ወጥቷል፤ አሁን ካርድ ክፍል በእጅ ይጻፋል። ሁለተኛ ሥራ የጨመርነው ከሦስት ወር በኋላ ነው፦ የታካሚ ስም የሌለበትን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማሳጠር።