ኢሜይል በተርሚናል፣ ኔትወርክ በሌለበት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይጀምራል። መብራቱም ኔትወርኩም ተያይዘው ይሄዳሉ። እኔ ኢሜይሌን በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ማንበብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ኔትወርክ ሲኖር ደብዳቤዎቹን ወደ ላፕቶፔ አወርዳለሁ። ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ መልስም እጽፋለሁ። ሲመለስ የጻፍኩት ይላካል።

የምጠቀምባቸው ፕሮግራሞች አራት ናቸው። ኤምቢሲንክ (mbsync) ደብዳቤ ያመላልሳል፣ በማት (mutt) አነባለሁ፣ በኤምኤስኤምቲፒ (msmtp) እልካለሁ። ኤስኤልአርኤን (slrn) ደግሞ የዩዝኔት ኒውስግሩፖችን፣ ማለትም በርዕስ የተከፋፈሉ የሕዝብ መወያያ መድረኮችን፣ ማንበቢያ ነው። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ያለ ችግር ይሠራሉ። ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ግቢ ተማሪዎች ሳሳያቸው ወዲያው ይወዱታል። በሳምንቱ ግን "ጋሼ፣ ሜይሌ ጠፋ" ብለው ይመጣሉ። ይዘውት የሚመጡት ችግር ሁሌም ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ማመሳሰልን እንደ ባክአፕ ማየት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኤምቢሲንክ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ሳጥንና ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሳጥን አንድ ዓይነት ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው። እዚያ የገባ እዚህ ይገባል። እዚህ የጠፋም እዚያ ይጠፋል። ብዙ ሰው ልብ የሚለው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

እኔም ልብ አላልኩም ነበር። አንድ ጊዜ ዲስኬ ሞላብኝና የሁለት ዓመት ደብዳቤዎችን ከፎልደሩ ውስጥ ሰረዝኩ። ሰርቨሩ ላይ አሉ ብዬ ተማምኜ ነው። ማታ እንደ ልማዴ አመሳሰልኩ። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አደረገ፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉትንም አጠፋቸው። የእናቴ የሕክምና ወረቀቶች ስካን ከጠፉት ውስጥ ነበር። ሴቲንጉን ሳየው ኤክስፐንጅ (Expunge) የሚለው መስመር ቦዝ (Both) ተብሏል፤ በሁለቱም በኩል ይጥፋ ማለት ነው። ከሌላ ሰው ፋይል ላይ ሳላነበው የገለበጥኩት መስመር ነበር።

ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ወር ሲንክ (Sync) የሚለውን ፑል (Pull)፣ ኤክስፐንጅ የሚለውን ኖን (None) አድርጉት። ያኔ ደብዳቤው ወደ እናንተ ብቻ ይመጣል፣ እናንተ የምትሠሩት ስህተት ሰርቨሩን አይነካውም። እጃችሁ ሲለምድ ትቀይሩታላችሁ።

ባክአፕ ከፈለጋችሁ ለብቻው ያዙ። እዚህ ላይ ደግሞ ብዙዎችን የሚያደናቅፍ ነገር አለ። ደብዳቤዎቹ ላፕቶፑ ላይ በሚቀመጡበት በሜይልዲር አሠራር እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ፋይል ነው። የተነበበ ደብዳቤ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) አለ፣ ከሱ በኋላ የሚመጡት ፊደላት ተነቧል፣ ተመልሷል የሚለውን ይይዛሉ። በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ደግሞ ይህን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። ስለዚህ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ ይህ ምልክት ያለባቸው ደብዳቤዎች ሳይገቡ ይቀራሉ። መጀመሪያ በታር አንድ ፋይል አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ከዚያ ገልብጡት።

የማታውቁትን ፋይል መሰረዝ

ኔትወርኩ መሀል ላይ ሲቋረጥ ሰው ይደነግጣል። ፎልደሩን ይከፍታል፣ በነጥብ የሚጀምር የማያውቀውን ፋይል ያያል፣ "ይሄ ነው ያበላሸው" ብሎ ያጠፋዋል። ያ ፋይል የኤምቢሲንክ ማስታወሻ ነው። የትኛው ደብዳቤ ወርዷል፣ የትኛው ቀርቷል የሚለው እዚያ ይመዘገባል። እሱ ከጠፋ ፕሮግራሙ ሁሉንም እንደ አዲስ ያያቸዋል፤ የእናንተን ወደ ሰርቨሩ ይጭናል፣ የሰርቨሩን ወደ እናንተ ያወርዳል። ሺህ ደብዳቤ ሁለት ሺህ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሲቋረጥ የሚሻለው ትእዛዙን ደግሞ መስጠት ብቻ ነው። ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁሉንም አውርድ ማለት

ጂሜይል ላይ ፎልደር የሚመስለው ነገር በእውነቱ መለያ ነው። አንድ ደብዳቤ ኢንቦክስ ውስጥም፣ ኦል ሜይል በሚለው ውስጥም ይታያል። ሁሉንም ፎልደር አውርድ ካላችሁት ያው ደብዳቤ ሁለቴ ይወርዳል። የዳታ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ኦል ሜይልን ከዝርዝሩ አውጡት።

አባሪ ፋይሎችም እንዲሁ ናቸው። አንድ አጋሮ ያለ የቡና ነጋዴ ወዳጄ ከገዢዎቹ ጋር ስካን የተደረገ ውል ይለዋወጣል። 15 ሜጋባይት የሆነ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ወደ 20 ሜጋባይት ይጠጋል። ምክንያቱም ፋይሉ በቤዝ64 ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ ነው የሚሄደው፤ በዚያ አሠራር በሲሶ ያህል ይጨምራል። ኤምቢሲንክ ውስጥ ማክስ ሳይዝ (MaxSize) የሚል መስመር አለ። እኔ 1 ሜጋባይት አድርጌዋለሁ። ከዚያ የበለጠውን ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስሄድ ብቻ አወርዳለሁ።

ማት "ተልኳል" ስላለ ተልኳል ብሎ ማመን

ይህም ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ኤምኤስኤምቲፒ ብቻውን ከሆነ ኔትወርክ በሌለበት መላክ አይችልም፣ ወዲያው ስህተት ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ኤምኤስኤምቲፒኪው (msmtpq) የሚባለውን ወረፋ ያዥ እንጠቀማለን። እሱ ደብዳቤውን ተቀብሎ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጠዋል። ማት ግን ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጥራል። ተልኳል ይላል፣ ቅጂውንም የተላኩ ፎልደር ውስጥ ያስገባል።

አንዲት ተማሪ ለስኮላርሺፕ ያመለከተችበት ደብዳቤ አራት ቀን ሙሉ ላፕቶፕዋ ላይ ተኝቶ ነበር። እሷ የተላኩ ውስጥ እያየችው ተረጋግታለች። ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የመጣችው።

ኔትወርክ በተመለሰ ቁጥር ወረፋውን እዩ። ኤምኤስኤምቲፒ-ኪው (msmtp-queue) የሚል ሌላ ትእዛዝ አብሮት ይመጣል፣ የቀረውን ያሳያችኋል፣ ይልክላችኋልም። የጊዜ ገደብ ያለው ደብዳቤ ከሆነ ለራሳችሁም ቅጂ ላኩ። ከሰርቨሩ ዞሮ ሲመጣላችሁ ያኔ ከላፕቶፑ እንደወጣ ታውቃላችሁ።

ሰዓትን እና ቀንን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ሌሊት ኔትወርኩ ፈጣን ነው፣ የሌሊት ጥቅልም ይረክሳል። ስለዚህ ብዙዎች በክሮን፣ ማለትም ሥራን በተቀጠረ ሰዓት በሚያስጀምር ፕሮግራም፣ እየቀጠሩ ሌሊት ያወርዳሉ። አንዱ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እንዲወርድለት ፈልጎ 11 ብሎ ጻፈ። ክሮን ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ማውረድ ጀመረና የቀን ጥቅሉን ጨረሰበት። ለንጋት 11 የሚጻፈው 5 ነው። ደግሞ በዚያ ሰዓት ላፕቶፑ ጠፍቶ ከነበረ ክሮን ያመለጠውን ተመልሶ አይሠራም። መብራት ለሚሄድበት ሰፈር ያመለጠውን በኋላ የሚሠራው አናክሮን ይሻላል።

ዓመቱን 2016 ብሎ ሞልቶ የመጣም አይቻለሁ። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀበት አሮጌ ላፕቶፕም ሲከፈት ከዓመታት በፊት ወደነበረ ቀን ይመለሳል። በሁለቱም መንገድ የሚታየው አንድ ነው፤ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ጊዜው ገና ያልደረሰ ይመስላል፣ ግንኙነቱም እምቢ ይላል። ከባዱ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሰው ሰዓቱን ማስተካከል ትቶ የሰርተፍኬት ማረጋገጫውን ያጠፋዋል። ይሠራለታል። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የካፌ ዋይፋይ ላይ መሀል የገባ ማንም ሰው ራሱን ሰርቨር አስመስሎ ፓስዎርዱን ሊቀበለው ይችላል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ቀኑን እዩ።

ፓስዎርድን ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ መጻፍ

ጂሜይል የተለመደውን ፓስዎርድ ለእነዚህ ፕሮግራሞች አይቀበልም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስዎርድ ማውጣት አለባችሁ። እሱንም ፋይሉ ውስጥ ግልጽ አድርጋችሁ አትጻፉት። ጂፒጂ በሚባለው ማመስጠሪያ ቆልፉትና ፓስ ኮማንድ (PassCmd) በሚለው መስመር ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያነበው አድርጉ። ሴቲንጉን ለጓደኛ በፍላሽ መስጠት የተለመደ ነው፣ ላፕቶፕም እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ሄዶ ሰው እጅ ላይ ይጠገናል። ፓስዎርዱ እዚያ ውስጥ ከሌለ ግን አያሳስብም።

የአማርኛ ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ሲሆን

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የላኪው አይደለም። የእናንተ ተርሚናል የግእዝ ፊደልን በሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ላይ አልተደረገም። የቋንቋ ሴቲንጉን (ሎኬሉን) አስተካክሉ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የግእዝ ፎንት ጫኑ። አለቀ።

ኒውስግሩፕን እንደ ኢሜይል መያዝ

ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1979 ቶም ትራስኮት እና ጂም ኤሊስ በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያሰቡት ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮምፒውተሮቹ ስልኩ በሚረክስበት ሌሊት እየተደዋወሉ ጽሑፍ ይቀያየሩ ነበር። እኛ በሌሊት ጥቅል ከምናደርገው ጋር ሳስተያየው ደስ ይለኛል። ከተፈጥሮው ለኦፍላይን የተሠራ ነው። ጎግል ግሩፕስ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 22 ቀን 2024 ጀምሮ አዳዲስ የዩዝኔት ጽሑፎችን አይቀበልም፣ አያሳይምም። ስለዚህ አሁን የራሳችሁ ሰርቨር ያስፈልጋችኋል። ኢተርናል ሴፕቴምበር የሚባለው በነጻ ይመዘግባል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1993 መስከረም ነው። ቀድሞ በየመስከረሙ አዳዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየገቡ ሥርዓቱን እስኪለምዱ ያስቸግሩ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግን የአዲስ ሰው ጎርፍ አልቆመም።

ከኤስኤልአርኤን ጋር የሚሠራው ኤስኤልአርኤንፑል (slrnpull) ጽሑፎቹን ያወርድላችኋል። ለእያንዳንዱ ግሩፕ ስንት ጽሑፍ ይውረድ፣ ስንት ቀን ይቆይ የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። ቁጥር ሳይሰጡ መጀመር ዳታ ይጨርሳል፤ 200 ጽሑፍና 14 ቀን ለመነሻ ይበቃል። ቀኑ ሲያልፍ ግን አንብባችሁትም ሳታነቡትም ይጠፋል። የምትፈልጉትን በጊዜ ለይታችሁ አስቀምጡ።

መልስ ስትጽፉ ቁልፉን ለዩ። ኤፍ ለግሩፑ ሁሉ ነው፣ አር ለጸሐፊው ብቻ በኢሜይል ነው። ለአንድ ሰው ብሎ የጻፈውን የቤተሰብ ጉዳይ ለዓለም የበተነ ልጅ አውቃለሁ። የተበተነ ጽሑፍ በየሀገሩ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል፣ መልሶ መሰብሰብ የለም።

ሌላም አለ። ማታ ያወረዳችሁትን ጥያቄ ጠዋት መልሳችሁ ከሰዓት ስትልኩ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ መልሶት ይሆናል። ወይም ጠያቂው ራሱ "ተፈትቷል፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ጽፎ ይሆናል። ኔትወርኩ ሲመለስ ቶሎ ለመላክ አትቸኩሉ። የጻፋችሁትን ረቂቅ አድርጋችሁ አቆዩት፣ መጀመሪያ አዲሱን አውርዱ፣ የውይይቱን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው አንብቡ። መልሳችሁ አሁንም የሚጨምረው ነገር ካለ ያኔ ላኩት።