የውጪ አንቴናን ከአክሰስ ፖይንት ጋር ስታገናኙ ውሃና ረጅም ኬብል እንዳያበላሹባችሁ

ግቢ ወይ ጣራ ላይ የሚሰቀል አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሳሪያ) ላይ ዱዋል ባንድ አንቴና (የዋይፋይ ሁለቱን ሞገዶች፣ 2.4ንም 5 ጊጋኸርዝንም በአንድ የሚይዘውን) መግጠም ከባድ ስራ አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው ጠመዝምዞ ብቻ ይወርድና ክረምት ሲገባ ኔትወርኩ መንቀራፈፍ ይጀምራል፣ ከዛ ጥፋቱን ሁሉ መሳሪያው ላይ ይጥላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ፓወሩን አጥፉ፣ ፒኦኢ ከሆነ (ፓወሩን በኔትወርክ ገመዱ የሚያገኝ ከሆነ) ገመዱን ከታች ንቀሉት። አንቴና ሳይገጠምለት አታብሩት፣ የሚያሰራጨው ፓወር መውጫ ሲያጣ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ለሬዲዮው ጥሩ አይደለም።

ቀጥሎ ፖርቶቹን (አንቴናው የሚገጠምባቸውን) በደንብ እዩ። ሁሉም ፖርት ሁለቱንም ባንድ የሚያወጣበት ሞዴል አለ፣ ለ2.4 እና ለ5 ጊጋ ለየብቻ የተከፈለበትም አለ፣ ስለዚህ አጠገቡ የተጻፈውን አንብቡ። ትልልቆቹ የውጪ መሳሪያዎች ላይ የምታገኙት ኤን ታይፕ የሚባለው ወፍራሙ ኮኔክተር (መገጣጠሚያ) ነው፣ አክሰስ ፖይንቱ ላይ ሴቷ አንቴናው ላይ ወንዱ። ትንንሾቹ ላይ ደሞ አርፒ ኤስኤምኤ የሚባለው ቀጭኑ ኮኔክተር ይበዛል፣ እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ ምክንያቱም ከተራው ኤስኤምኤ ጋር ጥርሱ አንድ ስለሆነ ጠመዝማዛው በትክክል ይገባል፣ መሀሉ ላይ ግን ወይ ሁለቱም ቀዳዳ ይሆኑና አይነካኩም ወይ ሁለቱም መርፌ ይሆኑና ይጋጫሉ። ከመግዛታችሁ በፊት መሀሉን በአይናችሁ እዩት።

ኬብል ላይ ደሞ እባካችሁ የዲሽ ኬብል አትጠቀሙ፣ እሱ 75 ኦም (የኬብሉ የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው ይሄ 50 ኦም ነው የሚፈልገው። ትክክለኛውም ቢሆን ሲረዝም ሲግናል ይበላል። ኤልኤምአር 400 የሚባለው ወፍራሙ እንኳን 10 ሜትር ላይ በ2.4 ጊጋ ወደ 2.2 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል መቀነስ መለኪያ)፣ 5.8 አካባቢ ደሞ ወደ 3.5 ዲቢ ያጠፋል፣ 3 ዲቢ ማለት ደሞ ግማሹ ፓወር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የኔ ምክር አክሰስ ፖይንቱን ራሱን አንቴናው አጠገብ ስቀሉት፣ የኔትወርክ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሄድላችኋል፣ የአንቴናው ኬብል ግን ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ጭራሽ ባይኖርና አንቴናው ቀጥታ ቢገጠም ደሞ ከሁሉም ይሻላል።

ስታጠብቁ መጀመሪያ በእጅ አዙሩ፣ ቀለበቱን ብቻ፣ አንቴናውን ወይ ኬብሉን ራሱን አታዙሩት። መጨረሻ ላይ በመፍቻ ትንሽ ብቻ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃ። መገጣጠሚያውን እየተለጠጠ ራሱ በራሱ በሚጣበቀው የጎማ ቴፕ ጠቅልሉት፣ ከላዩ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ድገሙበት ጎማውን ፀሀይ እንዳያደርቀው። የመጨረሻው ዙር ከታች ወደ ላይ ይሂድ፣ ልክ እንደ ሳር ክዳን የላይኛው የታችኛውን ሲሸፍን ውሃው ላዩን ይወርዳል እንጂ ውስጥ አይገባም። ኬብል ካለ ወደ መሳሪያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይዙር፣ ጠብታው እዛ ይረግፋል። አንቴናው ስር ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለው ግን እሷን እንዳትደፍኗት።

ከፍ ያለ ጣራ ላይ ከሆነ የመብረቅ መከላከያ በመሀል አስገቡበት፣ ግን ወፍራም የመሬት ሽቦ ካልተያያዘለት ምንም አይሰራም። ቁመቱንም አስቡበት፣ ዙሪያውን የሚረጨው አንቴና ጌይኑ (ሲግናሉን ሰብስቦ የመላክ አቅሙ) ከፍ ባለ ቁጥር ሲግናሉ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጂ+4 አናት ላይ ብትሰቅሉት ታች ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ላያገኝ ይችላል። ከቆርቆሮው ደሞ ከፍ አድርጉት፣ ቆርቆሮ ሲግናል ይጋርዳል።

ያልተጠቀማችሁበት ፖርት ካለ 50 ኦም መዝጊያ ግጠሙለት፣ ሴቲንግ ላይም አጥፉት። ከዛ አብሩትና የአንቴናውን ጌይን ለየባንዱ ሴቲንግ ላይ አስገቡ፣ ለምሳሌ 2.4 ላይ 4 ዲቢአይ (የጌይን መለኪያ) 5 ላይ 7 የሆነ አለ፣ ቁጥሩ አንድ አይደለም፣ መሳሪያው ከተፈቀደው ፓወር እንዳያልፍ የሚያሰላው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ስልክ ይዛችሁ ራቅ በሉና የእያንዳንዱን አንቴና የሲግናል ቁጥር መሳሪያው ላይ ካሳያችሁ አወዳድሩ፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ የሱን ኮኔክተር ፈታችሁ እዩ።